22 ላፕቶፕ ገዝተን ስቶር የሞላንበት ጊዜ

ሐዋሳ ውስጥ ባለ አንድ አገር በቀል ድርጅት የአይቲ ሠራተኛ ነኝ። የአይቲ ሠራተኛ ማለት እንደምታውቁት ነው። ፕሪንተር ወረቀት ሲበላ የምጠራው እኔ፣ ዋይፋይ ሲጠፋ እኔ፣ የአለቃዬ ልጅ የስልኩን ፓስወርድ ሲረሳም እኔ። በ2013 ዓ.ም. በዚህ ሁሉ ላይ የግዥ ኮሚቴ አባል አደረጉኝ። ይህን ለመጻፍ የተነሳሁት በቅርቡ ሌላ ድርጅት ውስጥ የምትሠራ ጓደኛዬ "እስቲ እዪልኝ" ብላ የላፕቶፕ ስፔስፊኬሽን ስለላከችልኝ ነው። አምስት መስመር ነው። የኔም ያኔ አምስት መስመር ነበር።

ታሪኩ የሚጀምረው በጥድፊያ ነው። የፕሮጀክቱ ዘመን ሊዘጋ አንድ ወር ቀርቶታል፣ በጀቱ ካልተነካ ተመላሽ ነው፣ ሁሉም "ቶሎ በሉ" ይላል። እኔም ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። ላፕቶፕ፣ አዲስ። 4 ጊጋ ራም። 14 ኢንች ስክሪን። ዊንዶውስ 10። ብዛት 22። አለቀ። ሦስት ፕሮፎርማ መጣ፣ ሦስቱም የጻፍኩትን ያሟላሉ፣ ስለዚህ ዝቅተኛ ዋጋ የሰጠው አሸነፈ። አንዱ 17,000 ብር፣ ሌላው ትንሽ ከፍ ያለ፣ ሦስተኛው 34,000 ብር። ሦስተኛውን አይተን ስቀን አለፍነው። ቃለ ጉባኤ ተፈረመ፣ ዕቃው ገባ፣ ሞዴል 19 (የዕቃ ገቢ ደረሰኝ) ተቆረጠ። ሠራተኛው ካርቶን እየከፈተ ፎቶ ሲነሳ ትዝ ይለኛል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው እኛን ለማለት ነው።

ስድስት ወር አልሞላም፣ ጩኸቱ ተጀመረ። የጠቅላላ ማከማቻው መጠን 64 ጊጋ ብቻ ነበር። እኔ ስለ ማከማቻ አንድ ቃል አልጻፍኩማ! ዊንዶውስ አፕዴት ልሥራ ሲል ቦታ ያጣል፣ ቦታ ሲያጣ ይንቀራፈፋል። የሒሳብ ሠራተኛችን "ፒችትሪ እስኪከፈት ቡና አፍልቼ እመለሳለሁ" ትል ነበር፤ ፒችትሪ የሒሳብ ሶፍትዌሯ ነው፣ ቀልዷን አልነበረም። ራም እንጨምርበት ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ቀጥሎ የስክሪኑ ማጠፊያ መሰንጠቅ ጀመረ፣ ቻርጀሮቹ አንድ በአንድ ሞቱ፣ ባትሪው መብራት በሄደ በሃያ ደቂቃ ጭልም ይላል። ሐዋሳ ላይ መብራት ሲሄድ ሃያ ደቂቃ ምን ይሠራል? ሁለተኛው ዓመት ሲያልቅ ከ22ቱ የሚሠሩት 9 ነበሩ። የቀሩት 13 ስቶር ገቡ።

ንብረት ክፍል ያሉት ጋሼ አንድ ቀን ጠርተው መደርደሪያውን አሳዩኝ። በአንድ በኩል የኔ 13 ላፕቶፖች፣ በሌላ በኩል "ስሎው ሆኑ" ተብለው ቀደም ሲል የተወረወሩ 11 ዴስክቶፖች። "ልጄ፣ እነዚህ ትልልቆቹ እኔ ስቀጠር የነበሩ ናቸው። እነዚህ ትንንሾቹ ግን ገና ዋስትናቸው ትናንት ያለቀ ነው። እንዴት ነው ነገሩ?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ሁለቱን ላፕቶፕ በፌስታል ይዤ ፒያሳ አካባቢ ወዳለ ጥገና ቤት ሄድኩ። ልጁ በካቻቢቴ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈታና ነጭ ወረቀት ላይ እንደየቦታቸው ደረደራቸው። ክዳኑን አነሳው። "እህቴ፣ ነይ እይው" አለኝ። ራሙ የት አለ ስለው ማዘርቦርዱ ላይ ያሉ ጥቁር ጥቃቅን ካሬዎችን በካቻቢቴው ጫፍ ነካ ነካ አደረገልኝ። ተበይዷል። ሃርድ ዲስኩስ? እሱም ተበይዷል። የሚነቀል ነገር የለም፣ የሚጨመር ነገር የለም። ማከማቻው ሲሞት ማዘርቦርዱ አብሮ ይሞታል ማለት ነው። ከዚያ ከጠረጴዛው ሥር የራሱን ላፕቶፕ አወጣ። ወፍራም፣ ጥግ ጥጉ የተላጠ፣ ለቢሮ ተብሎ የተሠራ ሞዴል ነው። ገለበጠው፣ ክዳኑን ከፈተ። ሁለት የራም ቦታ፣ የሚነቀል ዲስክ፣ በአራት ብሎን የታሰረ ባትሪ። "ይሄ ስምንት ዓመቱ ነው። ባትሪውን ሁለቴ ቀይሬለታለሁ" አለኝ። ከዚያ አንገቱን ቀና አድርጎ "ስትገዙ የሚከፍት ሰው አላያችሁትም?" ብሎ ጠየቀኝ። ፕሮፎርማ ምናምን ብዬ ልመልስ ስል ራሴን ሰማሁትና ዝም አልኩ።

ያን ቀን የገባኝ ነገር፣ የዕቃው ዕድሜ የሚወሰነው ስፔስፊኬሽኑ የተጻፈ ቀን ነው። ፕሮፎርማ ከመጣ በኋላ ኮሚቴው ምንም ማድረግ አይችልም፣ ያልጻፍከውን ነገር ተመልሰህ አትጠይቅም። እኔ የራም መጠን ጽፌ "መቀየር የሚችል" የሚል ሁለት ቃል አልጨመርኩም። እነዚያ ሁለት ቃላት 13 ላፕቶፕ ያወጣሉ።

ከዚያ ወደ አሮጌዎቹ ዴስክቶፖች ዞርኩ። ልጁ በነገረኝ መሠረት አንዱን ከስቶር አስወጥቼ አሮጌውን ሃርድ ዲስክ በኤስኤስዲ (በፈጣኑ ዓይነት ዲስክ) ቀየርኩ፣ ራሙን ከ4 ወደ 8 ጊጋ አሳደግኩ፣ ውስጡን በብሎወር ነፋሁ። ከውስጡ የወጣውን አቧራ ብታዩ! ተነስቶ እስኪከፈት አራት ደቂቃ ይፈጅ የነበረ ማሽን ግማሽ ደቂቃ እንኳ አልፈጀበትም። ለማንም ሳልናገር ለሒሳብ ሠራተኛችን አስገባሁላት። በማግስቱ "አዲስ መጣልኝ እንዴ?" አለችኝ። ከ11ዱ 9ኙን እንዲህ አስነሳን። የአንድ አዲስ ላፕቶፕ ዋጋ ለአራት ዴስክቶፕ ማደሻ በቃ። እናንተም አዲስ ግዥ ከመጠየቃችሁ በፊት ስቶራችሁን ግቡና እዩ። ዘገምተኛ የተባለ ኮምፒውተር አብዛኛውን ጊዜ ዲስኩ ነው ዘገምተኛ።

ለአካባቢ ጥበቃ ያን ያህል የምጨነቅ ሰው አልነበርኩም፣ እውነቱን ለመናገር። ግን ነገሩ ሲያናድደኝ ማንበብ ጀመርኩ። አንድ ላፕቶፕ በዕድሜው ሙሉ ከሚያስከትለው የካርቦን ልቀት አብዛኛው የሚወጣው ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ ነው፣ ገና አንተ ሳታበራው። እኛ አገር ደግሞ መብራቱ በአብዛኛው ከውኃ ስለሚመነጭ፣ ስንጠቀምበት የሚጨምረው ከሌላው አገርም ያነሰ ነው። ስለዚህ እኛ ዘንድ "ኤሌክትሪክ ቆጣቢ" ከሚለው ተለጣፊ በላይ ዋናው ነገር ዕቃው ስንት ዓመት ይቆያል የሚለው ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. ዓለም ላይ 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ወጥቷል፣ በአግባቡ ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው ሩብ እንኳ አይሞላም። የኛ 13 ላፕቶፕ እዚያ ውስጥ ጠብታ ነው። ግን ጠብታው የኛ ነው፣ በመደርደሪያው በኩል ባለፍኩ ቁጥር ያፈጥብኛል።

አለቆቼን ያሳመነው ግን ካርቦን አይደለም። የሒሳብ ሠራተኛችን ናት፣ በአንድ ብጣሽ ወረቀት። 17,000 ብር ለሁለት ዓመት፣ በዓመት 8,500። ሦስተኛው፣ ያ የሳቅንበት 34,000 ብሩ፣ ከሦስት ዓመት ዋስትና ጋር የቀረበ የቢሮ ሞዴል ነበር። አምስት ዓመት ቢያገለግል በዓመት 6,800። "ርካሹ የቱ ነው?" ብላ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ገፋ አደረገችው። ከዚያ ቀን ወዲህ የኛ ኮሚቴ ዋጋ የሚያወዳድረው በዓመት አካፍሎ ነው። በአገልግሎት ዓመት እንደምናወዳድር ግን ፕሮፎርማ ስንጠይቅ አስቀድመን በጽሑፍ እናሳውቃለን፤ አለዚያ ኦዲተር ሲመጣ "ለምን ዝቅተኛውን ተዋችሁ" የሚል ጥያቄ ላይ ትንተባተባላችሁ።

አሁን ደግሞ የሚያሳፍረኝን ልንገራችሁ። በ2015 የተበላሹትን ዕቃዎች በጨረታ ሸጥን። ከነሱ መካከል መነሳት ያቃታቸው ሁለቱ ዴስክቶፖች ነበሩ። አይሠሩም ብዬ ዲስካቸውን አላየሁም። ከሁለት ሳምንት በኋላ የገዛው ሰው ደወለ። ትሑት ሰው ነው፣ እግዜር ይስጠው። "እህት፣ ዲስኩን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሳስገባው የልጆች ፎቶና የወላጆች ስም ዝርዝር አለበት፣ የናንተ ይመስለኛል" አለኝ። እጄ ላይ ያለው ስልክ ከበደኝ። የምንረዳቸው ሕፃናት መረጃ ነው! በባጃጅ ከነፍኩ፣ ዲስኩን መልሼ ገዛሁት። ሌላ ሰው እጅ ቢገባስ ኖሮ የሚለውን እስካሁን ሳስበው ይጨንቀኛል።

ስለዚህ ስሙኝ። ፈጣኑን ፎርማት (ኩዊክ ፎርማት) ማድረግ ማጥፋት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ፋይሉ እዚያው ነው፣ በነጻ ሶፍትዌር ሊመለስ ይችላል። የድሮውን ሃርድ ዲስክ ሙሉ በሙሉ በላዩ ላይ በሚጽፍ ፕሮግራም አጥፉት። ኤስኤስዲ ሲሆን ከራሱ አምራች ወይም ከባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲበራ ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው ፕሮግራም) የሚሰጠውን የማጥፊያ ትእዛዝ ተጠቀሙ። የማይነሳ ዲስክ ከሆነ ነቅላችሁ አውጡት፣ በመሰርሰሪያ ብሱት። አሁን እኛ ጋ የእያንዳንዱ ዲስክ ሴሪያል ቁጥር ይመዘገባል፣ እኔና ጋሼ ሁለታችን እንፈርማለን፣ ፊርማ ከሌለው ዕቃ ከግቢ አይወጣም። ከሁሉ የሚቀለው ግን ዕቃው የገባ ቀን ቢትሎከር (ዲስኩን በቁልፍ የሚያመሰጥረው የዊንዶውስ ፕሮግራም) ማብራት ነው፤ ሲወጣ ግማሹ ሥራ ያለቀ ነው። መክፈቻ ቁልፉን ግን በዚያው ላፕቶፕ ላይ እንዳታስቀምጡት። አንድ ሠራተኛ እንዲህ አድርጎ ነበር።

ከዚያ 2016 መጣ። በጀታችን የጸደቀው በአሮጌው ምንዛሪ ነው። ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ 100ን አለፈ። ለ20 ላፕቶፕ የያዝነው ገንዘብ ለ10 ላይበቃ ነው። ያኔ ነው ከዱባይ ወደሚገባው ዩዝድ ዕቃ ያየነው። ዩዝድ ሲባል ፊታቸውን የሚያጨማድዱ አሉ፤ እኔም ነበርኩ። ነገር ግን ውጭ አገር ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ሦስት አራት ዓመት ተጠቅመው የሚጥሉት የቢሮ ላፕቶፕ ከአዲሱ ርካሽ ላፕቶፕ ይበልጣል፣ ይከፈታል፣ ይጠገናል። ችግሩ ያለው አመራረጡ ላይ ነው።

በዚህኛው ግዥ የጥገና ቤቱን ልጅ የግማሽ ቀን አበል ከፍለን ይዘነው ሄድን። አቅራቢው ካቀረባቸው 12 ማሽኖች ሁለቱ የባዮስ ፓስወርድ ነበረባቸው። የቀድሞው መሥሪያ ቤት የቆለፈው ነው፤ አንድ ቀን ዊንዶውስ እንደገና እንጫን ብትሉ በፍላሽ አይነሳላችሁም። አንዱ ላይ "ኮር አይ 7" የሚል ተለጣፊ ያበራል፣ ውስጡ ስናይ ፕሮሰሰሩ አራተኛ ጄኔሬሽን (ትውልድ)፣ ማለትም አሮጌ ነው። ተለጣፊ መርካቶ ይሸጣል። የፕሮሰሰሩን ሙሉ ቁጥር አንብቡ፤ በኢንቴሎቹ 4600 የሚለው አራተኛ፣ 8250 የሚለው ስምንተኛ ጄኔሬሽን ነው። ባትሪው አዲስ ሳለ ስንት ይይዝ እንደነበርና አሁን ስንት እንደሚይዝ ዊንዶውስ ራሱ ሪፖርት ያወጣል። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ደግሞ ዲስኩ ስንት ሰዓት እንደሠራ ያሳያል። አንዱ ከ30,000 ሰዓት በላይ አስነበበን። አራቱንም መለስን፣ አቅራቢው ፊቱን አጥቁሮ ቀየረልን። የቀየረልን ለምን መሰላችሁ? ክፍያው ከምርመራ በኋላ እንደሚሆን ውሉ ላይ ስለጻፍን ነው። ገንዘቡ ቀድሞ ቢሄድ ኖሮ ስልኬንም አያነሳም ነበር።

ስለ ጄኔሬሽን አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም አሁን ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ቺፕ ይፈልጋል፣ በኢንቴል በኩል ከስምንተኛ ጄኔሬሽን በታች ያለውን ከጥቂቶች በስተቀር አይቀበልም። ስለዚህ ገበያው ላይ ስድስተኛና ሰባተኛ ጄኔሬሽን በርካሽ ሲቀርብላችሁ ለምን እንደረከሰ እወቁ። ያስነሳናቸው ዴስክቶፖቻችንስ? አብዛኞቹ አያልፉም። እነሱን በዊንዶውስ ምትክ ነጻውን ሊኑክስ ሚንት ጭኜባቸው ለወጣቶች ማሠልጠኛ ክፍል ሰጠናቸው። አማርኛ ይጽፋሉ፣ ኢንተርኔት ይከፍታሉ፣ ልጆቹ ልዩነቱንም አላወቁት። ፒችትሪ ግን እዚያ ላይ አልሄደልኝም፣ ለሒሳብ ሠራተኛችን ኋላ ከገዛናቸው ላፕቶፖች አንዱን ሰጠኋት። ሁሉም ነገር በሊኑክስ ይፈታል የሚሏችሁን አትመኑ።

የአሁኑ ስፔስፊኬሽናችን ሁለት ገጽ ነው። ራሙ ቢያንስ አንድ የሚነቀል ቦታ ያለው፣ ማከማቻው የሚቀየር ኤስኤስዲ፣ ባትሪው በብሎን የታሰረና ለብቻው የሚገዛ፣ ቻርጀሩ ታይፕ ሲ። ቻርጀር ስል አትናቁት፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ሲሆን አንዱ ሲሞት ከጎረቤት ይነቀላል። በተቻለ መጠን አንድ ሞዴል እንገዛለን፣ አምስቱ ሲያረጁ ሁለቱ ለሦስቱ መለዋወጫ ይሆናሉ። ሙሉ የሞዴል ቁጥር ያልጻፈ ፕሮፎርማ አንቀበልም፣ ምክንያቱም በአንድ ስም የሚጠራ ላፕቶፕ በውስጡ አሥር ዓይነት ነው። ዋስትናው የት ነው የሚፈጸመው የሚለውንም እንጠይቃለን። "ዋስትና አለው" ተብሎ ዕቃው ለጥገና አዲስ አበባ፣ 275 ኪሎ ሜትር ሄዶ ሦስት ወር ከቆየ ያ ዋስትና አይደለም። የሞዴሉን ቁጥር ይዤ ደግሞ ኢፒት ወይም ቲሲኦ ሰርቲፋይድ የሚባሉት፣ ዕቃው ለአካባቢ ተስማሚ መሆኑን የሚመሰክሩ ምስክር ወረቀቶች መዝገብ ውስጥ እፈልገዋለሁ። በነጻ ይታያል። አቅራቢዎቻችን ስሙን እንኳ አያውቁትም፣ እኔም ግዴታ አላደርገውም፣ ሁለት እኩል ሲሆኑ ግን ለመምረጥ ይረዳኛል።

ፕሪንተር ላይ ብዙ አልቆይም። ርካሹን ፕሪንተር አትግዙ፣ ገንዘቡን በቀለም ይበላችኋል። ከማሽኑ ዋጋ በፊት የቀለሙን ዋጋና ስንት ገጽ እንደሚያወጣ ጠይቁ፣ ቀለሙ እዚሁ ሐዋሳ መገኘቱንም።

ለጓደኛዬ ይህንኑ ሁሉ አንድ ከሰዓት በኋላ አሞራ ገደል ዓሣ እየበላን ነገርኳት። ሾርባው ቀዘቀዘባት፣ አልሰማችኝም መስሎኝ ነበር። ባለፈው ሳምንት ደወለች። ስፔስፊኬሽኑን እንደገና ጽፋዋለች፣ ከሦስት አቅራቢ ናሙና አስመጥታለች፣ ካቻቢቴ ከቦርሳዋ ስታወጣ አንደኛው "ዕቃ ሊገዛ ካቻቢቴ ይዞ የመጣ ሰው ዛሬ ገና አየሁ" ብሎ ሳቀባት። ሁለተኛው ራሱ ገልብጦ ከፈተላት። ሦስተኛው ስልክ መጣብኝ ብሎ ናሙናውን ይዞ ወጣ፣ እስካሁን አልተመለሰም።